የቁንጫዎች ቀለብ

«ልጄ ባዶ ሻይ ጠጥቶ ሥራ ሲወጣ፣ እሷ እንቁላሉን ለትል ታበላዋለች» ሲሉ ሰማች አማቷን። አማቷ በረንዳው ላይ ቆመው፣ ከማዶ በረንዳ ልብስ ለምታሰጣው ጎረቤት ነበር የሚያወሩት። ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸዋል። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአዳሪ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት፣ በድስት ኳኳታና በልጆች ጫጫታ መሀል ሲያዝ የኖረ ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ ማለት፣ ሦስተኛው ፎቅ ሰምቶ አራተኛው አልሰማም ማለት ነው። ምራታቸው በዚያች ደቂቃ ማቀዝቀዣውን ከፍታ ሁለት እንቁላል በእጇ ይዛ ነበር። እጅ ከፍንጅ። ወጥታ «ትል አይደለም» ልትላቸው አሰበችና ተወችው፤ እንቁላሎቹን መልሳ ልታስቀምጥም አሰበችና ይህንንም ተወችው። ለአንድ ሳምንት ብለው መጥተው አራተኛ ወራቸውን ከያዙ አማት ጋር የሚኖር ሰው፣ ከሚናገረው የሚውጠው ይበዛል። እንቁላሎቹን በጨርቅ ጠቀለለች፤ ከማቀዝቀዣው በር ላይ ትልቁን ጥቁር ጠርሙስ አውርዳ የዕለቱን ድርሻ በትንሽ ብልቃጥ ቀዳች፤ ሁለት ጊዜ አነጠሰች፤ «ደኅና ዋሉ እማማ» አለች። «ደኅና ዋይ» አሉ አማቷ ፊታቸውን ሳያዞሩ። ስትወጣ በረንዳው ላይ ያለው ወሬ ቆመ፤ በሩን ስትዘጋ ደግሞ ቀጠለ።

እውነቱን ለመናገር አማቷ ከመሬት ተነሥተው አላሟትም። ሴትዮዋ እውነትም እንቁላል የምታበላው በዓይን ለማየት ለሚያስቸግር ፍጥረት ነው። የምትሠራው ዓሣ በሚፈለፈልበት ድርጅት ውስጥ ነው። ድርጅት ይባል እንጂ የድሮ ጋራዥ ነው፤ ወለሉ ላይ የሞተር ዘይት እድፍ እስከ ዛሬ አልለቀቀም፤ መኪና ይቆምበት በነበረው ቦታ አሥራ ሁለት ክብ ገንዳዎች ተደርድረው ቀን ከሌት አረፋ ይተፋሉ። እዚያ «ቀላቢት» ነው የምትባለው፤ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ወረቀቱ ብቻ ነው። አዲስ የተፈለፈለ የዓሣ ጫጩት ዓይንና ጅራት ማለት ነው፤ አፉ የመርፌ ቀዳዳ አያህልም። ደረቅ መኖ ቢበተንለት ዞር ብሎ አያየውም፤ ካልተንቀሳቀሰና በሕይወት ከሌለ ምግብ መሆኑን አያምንም። ስለዚህ ሠራተኛው «ቁንጫ» እያለ የሚጠራቸው፣ በጨው ውኃ ውስጥ የሚፈለፈሉ ደቃቅ ነፍሳት ይሰጡታል። ችግሩ ቁንጫዎቹ ራሳቸው ሲወለዱ ከሲታዎች ናቸው። እነሱን ብቻ የበላ ጫጩት ሆዱ ሞልቶ፣ ጠግቤአለሁ እንዳለ ይሞታል። እናም ለጫጩቱ ከመቅረባቸው በፊት ግማሽ ቀን የዓሣ ዘይት፣ የእንቁላል አስኳልና ቫይታሚን ተመትቶ በተዋሃደበት ውኃ ውስጥ ገብተው ይበላሉ፤ ያን ጊዜ ጉልበት የሚሆነው ስብ በእነሱ በኩል ወደ ጫጩቱ ይገባል። በሬ ሳይደልብ እንደማይታረደው ቁንጫም ሳይደልብ አይበላም። ቀለቡን መቀለብ፣ እንጀራዋ ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ የድርጅቱ አለቃ ጋሽ ቁጠባም ያውቃል፤ ግን አያምንበትም። ጋሽ ቁጠባ ያሉት ሠራተኞቹ ናቸው፤ እሱ ሳይሰማ። ዓሣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የመኪና መለዋወጫ ይሸጥ የነበረ ሰው ነው፤ ከዚያ ሥራ ይዞት የመጣው አንድ ሃይማኖት አለው፦ ውድ የሆነ ነገር ሁሉ ርካሽ አቻ አለው። «ዘይት ዘይት ነው» ይላል። መጀመሪያ የእንቁላሉን ግዢ ከለከለ፤ ቀላቢት ከቤቷ ማምጣት ጀመረች። ከዚያ የድርጅቱ ማቀዝቀዣ ተበላሸ፤ «ነገ ይሠራል» አለ፤ ነገ ከተባለ ሦስት ሳምንት ሆነው። የዓሣ ዘይት ደግሞ ሙቀት አይችልም፤ ቶሎ ይበላሻል። የግማሽ ወር ደመወዟን የሚያህል ዋጋ ያለው ጠርሙስ በቤቷ ማቀዝቀዣ በር ላይ፣ ከወተቱ ጎን የተቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው። አሁን ጋሽ ቁጠባ ክፍሉን ራሱን ሊዘጋው ፈልጓል። የቀለብ ክፍሉ መዘጋቱን ገልጦ እሷን በምስጋና የሚያሰናብት ደብዳቤ ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ቀኑ ብቻ ክፍት ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ከመስተዋቱ ሥር ተቀምጧል፤ ሆን ብሎ ይሁን ረስቶ አይታወቅም፣ ለሚያልፍ ሁሉ ይነበባል።

ቀኑን የምትሞላው ባለኩሬዋ ናት። ባለኩሬዋ ትልቋ ደንበኛቸው ስትሆን፣ ጫጩት ከመግዛቷ በፊት ትፈትናለች። ፈተናው ጭካኔ አለበት፤ ግን ሐቀኛ ነው። ሃምሳ ጫጩት በመረብ ይወጣና አንድ ደቂቃ ሙሉ አየር ላይ ይያዛል፤ ከዚያ ወደ ውኃ ይመለሳል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ በሕይወት ያሉት ይቆጠራሉ። በደንብ የተመገበ ጫጩት ያችን ደቂቃ ይችላታል፤ በደንብ ያልተመገበ አይችላትም። አርባ ከዳኑ ትገዛለች። ባለፈው ወር አርባ ስድስት ድነው ባለኩሬዋ ቀላቢትን ጉንጯን ስማት ነበር። ዛሬ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትመጣለች። «ከአርባ በታች ከሆነ ክፍሉ አያስፈልገንም፤ ከአርባ በላይ ከሆነ እናያለን» ብሏል ጋሽ ቁጠባ። እናያለን ማለት በእሱ ቋንቋ ነገ ይሠራል እንደማለት ነው፤ ቢሆንም እንጀራ ነውና ቀላቢት በዚህችው ተስፋ ስታደርግ ሰነበተች።

አውቶቡስ ውስጥ አንድ ደስ የሚል ነገር ገጠማት፦ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ የጸጉር ቅባት ሸተታት። ጉንፋን ይዟት ሁለት ሳምንት ሙሉ አፍንጫዋ ተደፍኖ ነበርና የሎሚ ሽታ ያለውን ያን ርካሽ ቅባት ሰው እስኪያፍር ድረስ አሸተተችው። ሰውየው ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ።

ጋራዡ እንደደረሰች ማንንም ሳትጠብቅ ለራሷ ትንሽ ሙከራ አደረገች፤ ጎበዝ ተማሪ ከፈተና በፊት ደብተሩን እንደሚያየው። ከሦስተኛው ገንዳ ሃያ ጫጩቶች በመረብ አወጣች፣ ሰዓቷን እያየች አንድ ደቂቃ ያዘች፣ መለሰች። ሩብ ሰዓት ቆይታ ቆጠረች። ሰባት። የቆጠራ ስህተት ነው ብላ እንደገና ቆጠረች፤ ስድስት ሆኑ፣ አንዱ በመሀል ሞቷልና። አሥራ ሦስት ቀን፣ ቀን በቀን ያለመታከት የመገበቻቸው ልጆች ናቸው እነዚህ! ሮጣ ትናንት የደለቡትን ቁንጫዎች ከማይክሮስኮፑ ሥር አደረገች። ሆዳቸው ጢም ብሏል፤ የዘይት ጠብታዎቹ እንደ ዶቃ ተደርድረው ይታያሉ። በልተዋል እንግዲህ። ከበሉ ታዲያ ምን ነካቸው? ብልቃጧን አነሣች፣ ክዳኑን ከፈተች፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ በተከፈተው አፍንጫዋ ሳበች። የዓሣ ዘይት ሽታው ከሩቅ ያስታውቃል፤ እጅ ላይ ከነካ በሳሙናም አይለቅም። ይህ ግን አይሸትም። ማለት፣ ይሸታል፤ ሽንኩርት ይሸታል። በጣቷ ነክታ ቀመሰችው። የተጠበሰ ሽንኩርት።

ጓሮ ወጥታ ስልክ ደወለች።

«እማማ፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ ያለውን ጥቁር ጠርሙስ ነክተዋል?»

ከወዲያኛው ጫፍ የቧንቧ ውኃ ድምፅ ይሰማ ነበር። ከዚያ ቧንቧው ተዘጋ።

«የቱን ጠርሙስ?»

«ያለው አንድ ጠርሙስ ነው እማማ።»

«እሱንማ... ለጉልበቴ አንድ ማንኪያ ቀምሼ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ የዓሣ ዘይት ይላል፤ የዓሣ ዘይት ደግሞ ለጉልበት ፍቱን ነው ይላሉ።»

«አንድ ማንኪያ ብቻ?»

«ጠዋት ጠዋት። ምነው እንደ ፖሊስ ትመረምሪኛለሽ?»

ነገሩ እንደ ክር ሲጎተት ተተረተረ። አማቷ ብቻቸውን አልጠጡም። የበረንዳዋ ጎረቤትም ጉልበቷን ያማታል፤ ከታች ያሉት ጡረተኛዋ ነርስም እንዲሁ። ሰው ቤቱ መድኃኒት አስቀምጦ ብቻውን ይጠጣል እንዴ? ነውር አይደለም? ሦስቱ አሮጊቶች በአራት ቀን ጠርሙሱን ከግማሽ በታች አወረዱት፤ ቤት በገባ በስምንተኛው ቀን ደረቀ። «ታዲያ ባዶ ጠርሙስ እንዳታገኚ ብዬ በምግብ ዘይት ሞላሁልሽ» አሉ አማቷ፤ ድምፃቸው ውስጥ ምስጋና የሚጠብቅ ነገር ነበረበት። «ያውም ሽንኩርት የተጠበሰበትን። ይጣፍጣቸዋል ብዬ።» ቀላቢት ብትቆጣ ዋጋ የለው፣ ብትስቅ ጊዜው አይደለ፤ ስልኩን ዘጋችና ግንቡን ተደግፋ ጥቂት አለቀሰች፤ ለቅሶው መሀል ሳይታሰብ ሳቅ መጣባት፤ በሳቋ ደግሞ ተናደደች።

አማቷ ስምንት ሰዓት ላይ መጡ። አራት ወር ሙሉ የምራታቸውን መሥሪያ ቤት አንድ ቀን እንኳን የት ነው ብለው ጠይቀው አያውቁም። አሁን ግን አድራሻውን ከልጃቸው ጠይቀው፣ ለትልቅ ጉዳይ ብቻ የሚለብሱትን ኮት ለብሰው፣ ክንዳቸው ላይ ቦርሳ አንጠልጥለው በሩ ላይ ቆሙ። ጋሽ ቁጠባ ባያቸው ጊዜ ባለኩሬዋ የላከቻቸው ትልቅ ሰው መስለውት የራሱን ወንበር አምጥቶ አስቀመጣቸው፤ ሻይም አዘዘላቸው፤ ከኪሱ ከፍሎ። እሳቸውም ዓይናቸውን በጨው ታጥበው ጠጡት። ቀላቢት ስትመጣ ከቦርሳቸው አንዲት የዓሣ ዘይት ያለባት የማርማላታ ብልቃጥ አውጥተው የሚጨባበጡ መስለው እጇ ላይ አኖሩ። «ጎረቤቴ ለባሏ ደብቃ ያስቀመጠችው ናት። ተጣልቼ ነው የተቀበልኳት። ይህቺው ንጹሑ ናት፤ አሁን ስጫቸውና ይዳኑ።» ቀላቢት አሁን ሰጥቶ አሁን መዳን እንደሌለ፣ ጫጩት በአሥራ ሦስት ቀን ያልገነባውን ገላ በአንድ ሰዓት እንደማይገነባ አስረዳቻቸው። አማቷ አዳመጡ። የሚቀጥለውን የጠየቁት እንደ ሙያ ሰው ነው።

«እኛ ተቆጣጣሪ ሲመጣ የምናቀምሰው ከድስቱ አናት ነበር፤ ሥጋው የተንሳፈፈበትን። የናንተ ገንዳ አናት የለውም?»

አለው። ያ ነው መጥፎው ነገር። ብርቱ ብርቱዎቹ ጫጩቶች ወደ መብራቱ ይወጣሉ፤ ደካሞቹ ወደ ታች ይቀራሉ። መብራቱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ፣ መረቡን በውኃው ገጽ ላይ ብቻ ቢያንሸራትቱት አርባ ቀርቶ አርባ አራት ይገኛል። ጫጩት የሚፈለፍል ሁሉ ያውቃታል፤ ቀላቢት ከጠዋት ጀምሮ ላታስባት ስትሞክር የዋለችውም እሷኑ ነው። ደብዳቤው ከመስተዋቱ ሥር እንዳለ ነው። ባሏ የሚሠራበት ማተሚያ ቤት ሠራተኛ ከቀነሰ ገና ወሩ ነው። በሌላ በኩል ባለኩሬዋ እነዚህን ጫጩቶች ወስዳ ኩሬዋ ውስጥ ብትጨምራቸው በሳምንት ያልቃሉ፤ ጉንጯን የሳመቻት ሴት ናት። እውነቱን ለመናገር ደግሞ የአማቷን ስም አንሥታ «ዘይቱን ጠጡብኝ» ልትል ነው፤ በሰው ፊት፣ በኮታቸው እንዳማሩ። ይህ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ ቤት ገብቶ ፊት ለፊት መቀመጥ አለ።

ባለኩሬዋ በዘጠኝ ሰዓት ከሩብ መጣች፤ ሰፊ፣ ሳቂታ፣ የጎማ ቦት ጫማ የምታደርግ ሴት ናት። «ቀላቢት፣ ልጆቼ እንዴት ናቸው?» አለች። ቀላቢት መረቡን ይዛ ገንዳው ላይ አጎነበሰች። ገጹ ላይ ያሉት ብርቱዎች በመብራቱ ዙሪያ ይተራመሳሉ፤ አማቷ ከወንበራቸው ሆነው በአገጫቸው ወደ ላይ፣ ወደ ላይ እያሉ ይጠቁሟታል። ክንዷን እስከ ክርን ነከረችና ከመሀል ቀዳች። አማቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ደቂቃዋ አላልቅ አለች። ጫጩቶቹ መረቡ ላይ እንደ ብር ፍርፋሪ ብልጭ ብልጭ አሉ፤ ከዚያ ብልጭታው እያነሰ ሄደ። ወደ ውኃ ተመለሱ። ሩብ ሰዓት ሲጠበቅ ስለ አየር ጠባይ ተወራ፤ ስለ ጎማ ዋጋ ተወራ፤ ጋሽ ቁጠባ ስለ ጎማ ዋጋ ብዙ የሚለው ነበረው። ባለኩሬዋ ራሷ ቆጠረች፣ እንደገናም ቆጠረች፤ ሳቋ ጠፋ።

«አሥራ ዘጠኝ» አለች።

አዝኖ ነበር ለማለት ይቸግራል፤ ጋሽ ቁጠባ ፊቱ ላይ የታየው የረጅም ጊዜ ክርክር ያሸነፈ ሰው እርካታ ነው። ገዢ ማጣቱን ገና አላስታወሰውም። «አላልኩም?» አለ ለሁሉም። «አላልኩም? ያን ሁሉ ውድ ዘይት በልተው ይኸው! ዘይት ዘይት ነው ብያለሁ። ከነገ ጀምሮ ይህ ክፍል ይዘጋል፤ ቁንጫዎቹንም ገንዳ አጣቢው በምግብ ዘይት ይቀልባቸዋል፤ ምንም ለውጥ አይመጣም!» ቀላቢት መረቡን እንደያዘች ቆማለች። «ጠጡብኝ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምታስፈልጋት። ባለኩሬዋ «ጥፋቱ ምንድን ነው ቀላቢት? ባለፈው እንዲህ አልነበሩም» ስትላት «የኔ ነው» አለች፤ «ዘይቱን በደንብ አልጠበቅኩም።»

ይሄኔ ወንበሩ ተንቋቋ። አማቷ ተነሥተው ነበር፤ ምንም ሳይደገፉ፣ በአንድ ጊዜ። ምናልባት ስለ ምራታቸው አዝነው ይሆናል። ምናልባት ደግሞ በሠላሳ ዓመት የወጥ ቤት ኑሯቸው፣ ባረረ ድስት የበታች ሰው ተጠያቂ ሲሆን ዝም ብለው አይተው ስለማያውቁ ይሆናል። ወይም በቀላሉ፣ አንድ ሰው ፊታቸው ቆሞ ስለ ምግብ ሲሳሳት መታገሥ አይችሉም።

«ጌታዬ» አሉት ጋሽ ቁጠባን፤ «የምግብ ዘይት ነው የበሉት።»

«ምን አሉ እናቴ?»

«አሥራ ሦስት ቀን የበሉት የምግብ ዘይት ነው። ሽንኩርት የተጠበሰበት። ውዱን ዘይት የበላሁት እኔ ነኝ።»

አራተኛው ፎቅም በሰማው ነበር። አማቷ አላቆሙም፤ ጎረቤቷንም፣ ጡረተኛዋን ነርስም፣ ማንኪያውንም፣ መሙላቱንም አንድ በአንድ ተናገሩ። ሲጨርሱ «እሷ ታውቅ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ። እኔን እንዳታዋርድ ነው ዝም ያለችው» አሉ። የምራታቸውን ፊት ግን አላዩም።

መጀመሪያ የሳቀችው ባለኩሬዋ ናት። የገንዳውን ጠርዝ ይዛ፣ ቦት ጫማዋ እስኪንሸራተት ሳቀች። ዓይኗን ጠርጋ ወደ ጋሽ ቁጠባ ዞረች። «እኚህ እናት ከነገ ልትጀምር ያሰብከውን ነገር ከአሥራ ሦስት ቀን በፊት ጀምረውልሃል» አለችው። «በእሷ ዘይት አርባ ስድስት። በአንተ ዘይት አሥራ ዘጠኝ። ወላጆቻቸው አንድ፣ ውኃው አንድ፣ እጇም አንድ ነው። እነዚህን አልወስድም። የሚቀጥሉትን በባለፈው ወር ቀለብ ካሳደገቻቸው እወስዳለሁ፤ እሷ ከሌለች ግን መንገዱንም አላስታውሰው።» ጋሽ ቁጠባ ዘይት ዘይት ነው ሊል ፈልጎ ነበር፤ ዓይኑ ገንዳው ላይ ወደ ተንሳፈፉት ሠላሳ አንዱ ሄደና ተወው። ቢሮው ገብቶ መስተዋቱን አነሣ። ደብዳቤውን ቀደደው ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ጋሽ ቁጠባ ወረቀት አይቀድም፤ ገልብጦ በጀርባው የማቀዝቀዣ ጠጋኙን ስልክ ጻፈበት። ባለኩሬዋ መኪናዋ ውስጥ ከገባች በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አማቷን ጠራቻቸው፤ «እናቴ፣ ጉልበትዎን ግን በእርግጥ ተሻለዎት?» አለቻቸው በሹክሹክታ። «ስንት ማንኪያ?»

ሁሉም ከሄደ በኋላ ሁለቱ ቀሩ። አማቷ ቦርሳቸውን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወሩ፤ ገንዳዎቹን ዞረው አዩ። መጨረሻ ላይ ማይክሮስኮፑ አጠገብ ቆሙና «እስቲ ያንን ትል አሳዪኝ» አሉ። ቀላቢት በዚያን ዕለት ጠዋት ከተፈለፈሉት ቁንጫዎች አንዲት ጠብታ አስቀመጠችላቸው፣ ጎንበስ ማለትን አስተማረቻቸው። አማቷ አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ብዙ ቆዩ። ፍጡሩ አጭር አጭር እጆቹን እያርገበገበ ይዋኛል፤ ገላው እንደ መስተዋት ስለሆነ ውስጡ ሁሉ ይታያል።

«ይሄ መሀሉ ላይ ያለው መስመር ሆዱ ነው?»

«አዎ እማማ።»

«ባዶ ነው።»

«ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልሰጠኋቸውም። የሚሰጥ አልነበረማ።»

አማቷ ቀና አሉ። ፊታቸው ተለዋውጧል፤ ቀላቢት ይህን ቁጣ ታውቀዋለች፤ ባሏ ሳይበላ ሊወጣ ሲል የሚቆጡት ቁጣ ነው። ኮታቸውን አውልቀው የአለቃው ወንበር ላይ ጣሉ፣ እጅጌያቸውን እስከ ክርን ሰበሰቡ፣ እንቁላሎቹን ከጨርቁ ፈቱ።

«ታዲያ ምን ትገተሪያለሽ ልጄ፣ ያቺን ዘይት አምጫት እንጂ! ተርበዋል እኮ!»